የትኛውን መጠይቅ እናንሳ? ከሰቀቀን በኋላ ሰው ራሱ የሚሞላቸው መጠይቆች ሲነጻጸሩ

ደቻቱን በእግሯ የማትሻገር አንዲት ሴት አውቃለሁ። የድሬዳዋ ሰው እንደሚያውቀው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ ሳይሆን አሸዋ ነው፤ ይነገድበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ አቋራጭ የፈለገ ያቋርጥበታል። እርሷ ግን ሁልጊዜ ዞራ በድልድዩ ትሄዳለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ከተማው በተኛበት ሌሊት ጎርፉ ከደጋው ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ልጅ ነበረች። ማንነቷ እንዳይለይ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ፤ ያጣችውንም እዚህ አልጽፍም።

ሃያ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ሰጥቻት ሰባተኛው ላይ ደረሰች። ክስተቱን የሚያስታውሱ ቦታዎችን፣ ሰዎችንና ነገሮችን መሸሽ ባለፈው አንድ ወር ምን ያህል እንዳስቸገራት ይጠይቃል። ሳታመነታ «ፈጽሞ» የሚለውን አከበበች። ዜሮ ማለት ነው።

«ደቻቱን ግን አትሻገሪም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ያስቸግረኛል? ድልድይ አለልኝ» አለችኝ።

አልዋሸችም። መሸሹ እጅግ ስለተሳካላት መሸሽ መሆኑ ቀርቶ መንገድ ሆኗል። በአማካሪነት በሠራሁባቸው ዓመታት መጠይቅ ስመርጥ የማስበው ይህችን ዜሮ ነው። መጠይቁ የሚለካው ሰውየው የደረሰበትን ጉዳት ሳይሆን ስለ ጉዳቱ ሊነግረን የቻለውንና የፈቀደውን ነው። ስለዚህ ከሌላው ሁሉ በፊት ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው፦ መልሱ ሲመጣ ምን ላደርግበት ነው? ሰውየውን ወደ ሐኪም ለመላክ ወይም ላለመላክ ከሆነ አንድ መሣሪያ አለ። ሕክምና ጀምሮ እየተሻለው መሆኑን ለመከታተል ከሆነ ሌላ። ወሬ ለመክፈት ብቻ ከሆነ ደግሞ ምናልባት ወረቀት ጭራሽ አያስፈልግም ይሆናል።

ይህን የምጽፈው በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት፣ በተፈናቃይ መጠለያ ወይም በምክር አገልግሎት ለሚሠሩ፣ እንዲሁም በስልካቸው አንዱን መጠይቅ አግኝተው ሞልተው ቁጥሩን ሲያዩ ለደነገጡ ነው።

በሩን ለማንኳኳት

አጭሩ ፒሲ-ፒቲኤስዲ-5 ይባላል፤ ፒቲኤስዲ ማለት አሰቃቂ ክስተት ካለፈ በኋላ ትዝታው፣ መሸሹና ድንጋጤው አልለቅ ያለበት የአእምሮ ሕመም ነው። በመጀመሪያ ሰውየው አሰቃቂ ክስተት ደርሶበት እንደሆነ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ «አይ» ካለ እዚያው ያበቃል። «አዎ» ካለ አምስት ጥያቄዎች ይከተላሉ፦ ቅዠት ወይም ሳይጠሩት የሚመጣ ትዝታ፣ ትዝታውን ወይም ቦታውን መሸሽ፣ ሁልጊዜ መጠባበቅና ቶሎ መደንገጥ፣ መደንዘዝና ከሰው መራቅ፣ ስለሆነው ነገር ራስን ወይም ሌላውን መውቀስ። ሁሉም የሚመለሱት በ«አዎ» ወይም በ«አይ» ነው። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ «አዎ» ከመጣ ጉዳዩን ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሰልፉ እስከ በሩ በደረሰበት ጤና ጣቢያ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ግን የማጣሪያ መጠይቅ ማጣሪያ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እስኪ በምሳሌ እንቁጠረው። መቶ ሰው መጠይቁን ሞላ እንበል፤ ሕመሙ ያለባቸው ዐሥሩ ናቸው። መጠይቁ ከታመሙት ከመቶ ሰማንያውን የሚይዝ፣ ካልታመሙትም ከመቶ ሰማንያውን በትክክል የሚያልፍ ቢሆን፣ ከዐሥሩ ስምንቱን ይይዛል፤ ከዘጠናዎቹ ጤነኞች ደግሞ ዐሥራ ስምንቱን በስህተት ይይዛል። በጠቅላላው ሃያ ስድስት ሰው ተይዞ የታመመው ስምንቱ ብቻ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ወረቀቱን ደምሮ «ተገኝቶብዎታል» የሚል ሠራተኛ ከሦስቱ ከሁለቱ በላይ ለሚሆኑት የሌለባቸውን ሕመም እየሰጣቸው ነው። ምርመራው በቃለ መጠይቅ ነው የሚጸናው። ለዚህ የተዘጋጀው ካፕስ-5 የሚባለው ቃለ መጠይቅ 30 ጥያቄዎች አሉት፤ በሠለጠነ ባለሙያ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። መጠይቁ የሚጠቅመው ያ ሰዓት ለማን እንደሚሰጥ ለመወሰን ነው።

ከዚህ ጎን የማስቀምጠው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን ኤስአርኪው-20 ነው። ስለ ሰቀቀን የተሠራ አይደለም፤ ሃያዎቹም ጥያቄዎች ስለ አጠቃላይ የአእምሮ ጭንቀት ናቸው፣ መልሳቸውም «አዎ» ወይም «አይ» ነው። ታዲያ ለምን አነሳሁት? ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የምግብ አለመፈጨት ስለሚጠይቅ ነው። እኛ ዘንድ ሰው «አእምሮዬ ተጎድቷል» ብሎ አይመጣም። «ጨጓራዬን»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ድው ድው ይላል» ብሎ ነው የሚመጣው። ስለ ሰቀቀን ብቻ የሚጠይቅ ወረቀት ይህን ሰው ያልፈዋል፤ ኤስአርኪው ግን በገባበት በር ይቀበለዋል። በኢትዮጵያም ለአሥርተ ዓመታት ተሠርቶበታል፤ ቡታጅራ ላይ የተካሄዱት ጥናቶች ከሚታወቁት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ኢትዮጵያውያን መላሾች የዚህን መጠይቅ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚረዷቸውና «አዎ» የሚሉበት ምክንያት ምን እንደሆነ መርምሯል። ጥያቄው ዛሬም አላረጀም። አንድ ስሙን የማልጠራው ድርጅት እርዳታ ከማከፋፈሉ በፊት ባለው ጠዋት ከአርባ በላይ ጥያቄ ያለው ወረቀት ሲያስሞላ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ሲደመር የመንደሩ ሰው ሁሉ በጠና ታሟል። ምን ያድርግ? ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ከኋላው ዱቄት ይኖረዋል ብሎ ያሰበን ሰው ዋሾ ማለት አይቻልም። መጠይቁና የእርዳታ ምዝገባው በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይገናኙ።

ዋናው ምርጫ፦ ፒሲኤል-5 ወይስ አይቲኪው

ለክትትል የሚሆን መሣሪያ ለሚፈልግ ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፣ የሁለቱም መልስ ከ0 እስከ 4 ነው፣ ሁለቱም ስለ አንድ የተወሰነ አስከፊ ክስተት ታስቦ እንዲሞሉ ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል።

ፒሲኤል-5 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ካለው የፒቲኤስዲ ማዕከል የወጣ ነው። ሃያ ጥያቄዎቹ አራት ክፍል አላቸው። ከ1 እስከ 5 ትዝታው ተመልሶ ስለ መምጣቱ፣ 6ና 7 ስለ መሸሽ፣ ከ8 እስከ 14 ስለ አስተሳሰብና ስሜት መለወጥ፣ ከ15 እስከ 20 ስለ ንዴት፣ ድንጋጤ፣ ትኩረትና እንቅልፍ። ድምሩ እስከ 80 ይደርሳል፤ ከ31 እስከ 33 ያለው ነጥብ «እዚህ ጋ ቆም ብለህ እይ» የሚያሰኝ መስመር ተደርጎ ይወሰዳል። መስመሩ በአብዛኛው የተሰመረው በሌላ አገር ሰዎች፣ በተለይም በቀድሞ ወታደሮች ላይ ስለሆነ እኔ እንደ ምልክት እንጂ እንደ አጥር አላየውም። 29 አምጥቶ ሥራውን የተወ ሰው አለ፤ 36 አምጥቶ ሱቁን በሰዓቱ የሚከፍት ሰውም አለ።

አይቲኪው የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ2022 መባቻ ጀምሮ ሥራ ላይ ለዋለው ለዓለም ጤና ድርጅት 11ኛ የሕመሞች ዝርዝር ነው። ስለ ምልክቶች 12 ጥያቄ፣ ምልክቶቹ ኑሮን ስለ ማወካቸው 6 ጥያቄ አለው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት የተለመደውን ፒቲኤስዲ ይመለከታሉ፦ ክስተቱ አሁን እየሆነ እንዳለ መሰማት፣ መሸሽ፣ አደጋው ዛሬም ያለ መምሰል። ቀጣዮቹ ስድስት ሌላ ነገር ያነሣሉ፦ ከተረበሹ በኋላ ለመረጋጋት ረጅም ጊዜ መውሰድ፣ መደንዘዝ፣ ራስን የከሸፈና ዋጋ የሌለው አድርጎ ማየት፣ ከሰው መራቅና መቀራረብ መቸገር። ሁለቱም ወገን ከሞላ ውስብስብ ፒቲኤስዲ የሚባለው ነው የሚጠረጠረው። እዚህ የሚታየው ጠቅላላ ድምር አይደለም፤ በእያንዳንዱ ክፍል ካሉት ሁለት ጥያቄዎች ቢያንስ አንዱ 2 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑና ኑሮን ማወኩ ነው።

የቱ ይሻላል? ከፊቴ በተቀመጠው ሰው ይለያያል። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ መኪናው የተገለበጠበት ሾፌር፣ ከአደጋው በፊት ደህና የነበረ፣ አሁን መሪ ሲይዝ እጁ የሚንቀጠቀጥና ሌሊት የሚባንን ከሆነ ፒሲኤል-5ን አነሣለሁ። እንቅልፉን፣ ንዴቱን፣ ትኩረቱን ይጠይቅልኛል፤ አይቲኪው ስለ እነዚህ ሦስቱ አይጠይቅም። በየጊዜው ስደምረውም ትንንሹን ለውጥ ያሳየኛል።

በጅቡቲ በኩል ወጥታ፣ በደላሎች እጅ ወራት ታስራ፣ ተደብድባ የተመለሰች ልጅ ስትመጣ ግን ሌላ ነው። ድሬዳዋ በዚህ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ተመላሾችን እናያለን። እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ ቅዠቱን ከነገሩን በኋላ የማይነግሩን ዋና ነገር አለ፤ «እኔ የረከስኩ ነኝ፣ ከእንግዲህ ሰው አልሆንም» የሚል። ፒሲኤል-5 ስለ ራስ ያለን መጥፎ እምነት የሚያነሣ ጥያቄ አለው፤ ግን አንድ ብቻ ነው፣ በሃያው መሀል ይዋጣል። አይቲኪው ደግሞ በቀጥታ ይጠይቃል፣ ስለ መቀራረብም ይጠይቃል፣ ከዚያ ይህ ሁሉ ሥራሽንና ቤተሰብሽን ምን አደረገ ይላል። በልጅነታቸው ቤት ውስጥ ለዓመታት ለተበደሉም፣ ሰው ቤት አገልጋይ ሆነው ላደጉም የማነሣው እርሱን ነው። የምልክት ጥያቄዎቹ ዐሥራ ሁለት ብቻ መሆናቸውም ዋጋ አለው። ልቡ የቆሰለ ሰው ሃያ ጥያቄ ሲያይ ዐሥረኛው ላይ ይደክመዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በአንድ መስመር እያከበበ ይወርዳል። ከዐሥራ አንደኛው እስከ ሃያኛው ሁሉም 2 ከሆነ ያ መልስ አይደለም።

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ፒሲኤል-5ን እይዛለሁ፤ ምክንያቱም የእኔ ሥራ በአብዛኛው ክትትል ነው። የመጠለያ ሠራተኛ ብሆን መልሴ አይቲኪው ይሆን ነበር።

ሌሎቹ ሁለት

ኤችቲኪው የሃርቫርድ የሰቀቀን መጠይቅ ነው። አንድ ባልደረባዬ ሁልጊዜ «የሐረር መጠይቅ» ይለዋል፤ እኔም ማረም ትቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከካምቦዲያ፣ ከላኦስና ከቬትናም ለሸሹ ስደተኞች የወጣ ስለሆነ ጦርነትንና መፈናቀልን ያውቃል። የደረሱትን ነገሮች በዝርዝር ያስቀምጣል፦ ረሀብ፣ ታሞ ሕክምና ማጣት፣ መታሰር፣ ከቤተሰብ በግድ መለየት። የተፈናቀለ ሰው ይህን ሲያይ «የእኔን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ጽፎታል» ይላል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መልሱ ከ1 እስከ 4 ሲሆን የሚወሰደው አማካዩ ነው፤ 2.5 የተለመደው መስመር ነው። ችግሩ ርዝመቱ ነው። የመከራ ዝርዝር አንድ በአንድ ማንበብ በራሱ ቁስል ይነካካል። ለጥናት ወይም ሰፊ ጊዜ ላለው ክሊኒክ ጥሩ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ጉብኝት አይሆንም።

አይኢኤስ-አር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ የ15 ጥያቄ መጠይቅ ነው፤ አሁን 22 ሆኗል፣ የሚጠይቀውም ስለ ባለፉት ሰባት ቀናት ነው። ብዙ ቦታ አሁንም ይገኛል። ስለ ጥፋተኝነት ስሜትና ስለ ራስ መውቀስ ስለማይጠይቅ እኔ ትቼዋለሁ። ሰባት ቀን ማለቱ ብቻ ነው የሚናፍቀኝ።

ልጅ ከሆነ የመጣው ከእነዚህ አንዱንም አትስጡ። ከስምንት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ክራይስ-8 የሚባል ስምንት ጥያቄ ያለው አለ።

ክስተቱ የደረሰው ገና ከአንድ ወር በታች ከሆነም ወረቀቱን ወደ መሳቢያ መልሱት። በዚያ ጊዜ መባነንና መንቀጥቀጥ የሚጠበቅ ነው፤ ብዙ ሰው በራሱ፣ በወገኑና በጎረቤቱ ይረጋጋል። ያኔ የሚያስፈልገው ውኃ፣ መጠለያ፣ የጠፋ ዘመድ ማፈላለግና ሳይጫኑ ማዳመጥ ነው። ሰውን ሰብስቦ «የሆነውን ሁሉ አውጡት» ማለትም አይመከርም።

አማርኛው ራሱ

መሣሪያውን ከመረጥን በኋላ የምንይዘው ትርጉም ዕጣውን ይወስናል። አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በ«አንተ» የተጻፈ ወረቀት ለሴቶች ሲታደል ነበር። «ደንግጠህ ታውቃለህ?» የሚለውን ያነበበች እናት ወረቀቱን አጥፋ «እሺ፣ ማታ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ» አለች። ለባሏ የተላከ መስሏት ነው። አማርኛ ግሥ ላይ ጾታ እንደሚለይ ማሰብ ወይም በ«እርስዎ» መጻፍ ይገባ ነበር። በእርግጥ ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው፤ ሽማግሌውንም «አንተ» ብንል የሚቀየመን የለም። ወረቀት ላይ ግን «እርስዎ» ሁሉንም ያስማማል።

ከዚያ የመልሶቹ ደረጃ አለ። «ፈጽሞ፣ ጥቂት፣ በመጠኑ፣ በጣም፣ እጅግ በጣም።» በ«ጥቂት» እና በ«በመጠኑ» መካከል ያለውን ልዩነት ማን ያውቃል? እኔ አምስት የሻይ ብርጭቆ ሥዬ አሳያለሁ፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ሩብ፣ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ሦስት አራተኛ፣ አንዱ ሊፈስ የደረሰ። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ከቃሉ ይልቅ በብርጭቆው ፈጥነው ይመልሳሉ።

የፒሲኤል-5 ስምንተኛ ጥያቄ የክስተቱን ዋና ክፍሎች ለማስታወስ መቸገርን ይጠይቃል። እዚህ መልሱ «ምነው በረሳሁት!» ነው፤ ከዚያ ዜሮ። ስድስተኛው ስለ ትዝታው ላለማሰብ መሞከርን ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብለን ያደግን ነን። ችሎ ዝም ማለትን እንደ ምልክት የሚቆጥር ወረቀት ጨዋነቱን እንደ ሕመም የቆጠረበት የሚመስለው ሰው አለ። እነዚህን ሁለቱን ጥያቄዎች ሁልጊዜ ከተሞላ በኋላ በቃል እመለስባቸዋለሁ። «ሳያስቡት የሚዞሩት መንገድ አለ? የማይሄዱበት ሰፈር? የማይከፍቱት ሬዲዮ?» እላለሁ። መደንገጥን ደግሞ «ክው ብሎ መቅረት» ሲባል ነው ሁሉም የሚገባው።

ጀጎል ውስጥ በአንድ ግቢ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ይነገራል። አማርኛ ችሎ ሕልሙን ግን በሌላ ቋንቋ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። በአፍ መፍቻው የተፈተነ ትርጉም ከሌለ የሠለጠነ አስተርጓሚ ይፈለግ። ልጅን ለእናቷ አስተርጓሚ አድርጎ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ አይገባም። እናት ልጇ ፊት አትናገርም፤ ከተናገረች ደግሞ ሁለት ሰው ነው የሚጎዳው።

ጫት፣ ሙቀትና ረመዳን

መመሪያዎቹ ላይ የማይገኝ የእኛ አገር ጉዳይ ነው። ከሰዓት በርጫ ላይ ተቀምጦ የዋለ ሰው ሌሊቱን ዓይኑን አይከድንም፤ ምርቃናው ላይ ንቁና ተጠራጣሪ ሊሆን ይችላል። ጫት ያቆመ ሰው ደግሞ ዱካክ ይመጣበታል፤ የሚያስጮህ፣ ደረት ላይ የሚቀመጥ ቅዠት ነው። እስኪ ፒሲኤል-5ን እዩት፦ ሁለተኛው ስለ ቅዠት፣ ዐሥራ ሰባተኛው ስለ መጠባበቅ፣ ዐሥራ ስምንተኛው ስለ መደንገጥ፣ ዐሥራ ዘጠነኛው ስለ ትኩረት፣ ሃያኛው ስለ እንቅልፍ። አምስት ጥያቄ፣ እስከ ሃያ ነጥብ። ከጫቱ ይሁን ከሰቀቀኑ ወረቀቱ አይለይም። እኔ ከወረቀቱ ራስጌ በእርሳስ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፤ ይቅማል ወይ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ መቼ አቆመ። ቅዠቱን ሲናገርም «የምታየው ያንን ቀን ነው ወይስ ሌላ ነገር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዱካክ የሚያሳየው የትም የማይታወቅ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የሰቀቀን ቅዠት ብዙውን ጊዜ ወደዚያ ቀን ይመልሳል። ብዙ ሰው ትዝታውን ለመሸሽ እንደሚቅምም አይረሳ፤ ያኔ ጫቱ ራሱ የመሸሹ አካል ነው።

በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ድሬ ላይ ማን ይተኛል? በረመዳንም ሐረር ላይ የእንቅልፍ ሰዓት ሁሉ ይገለበጣል። በረመዳን የተሞላን ከረመዳን በፊት ከተሞላው ጋር ማወዳደር ካለብኝ የእንቅልፉን ጥያቄ አውጥቼ ቀሪውን አነጻጽራለሁ።

የትም ቢሆን የማይዘለል ጥያቄ

ከሰቀቀን መጠይቁ ጎን ሁልጊዜ ፒኤችኪው-9ን አስቀምጣለሁ። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ ስለ ድባቴ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ ተፈትኗል። ዘጠነኛው ሞቶ ማረፍን ወይም ራስን መጉዳትን ስለ ማሰብ ይጠይቃል፤ ፒሲኤል-5 ይህን አይጠይቅም። ኤስአርኪው ላይ ዐሥራ ሰባተኛው ተመሳሳይ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ወረቀቱን ነገ ለመደመር መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም። ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ይታያሉ፤ ከዜሮ በላይ ካለ ሳይሸፋፈን ይጠየቃል። አሳብ ብቻ ነው ወይስ ዕቅድ አለ? በቤት ምን አለ፣ ማን አለ? መጠየቅ አሳቡን አይፈጥርም። ዕቅድ ካለ ብቻውን አይሂድ፤ በዚያው ቀን የሥነ አእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል፣ ድሬዳዋ ከሆነ ድል ጮራ፣ ሐረር ከሆነ ሕይወት ፋና ወይም ጀጎል፣ ከቤተሰብ ጋር ይላክ። ሰውየውን የሚልክበትን ቦታ አስቀድሞ ያላዘጋጀ ሠራተኛ መጠይቁን ባይጀምረው ይሻላል።

ወረቀቱ የት እንደሚሞላም ይታሰብበት። በረንዳ ላይ፣ ባጃጅ እየጮኸ፣ ጎረቤት እየተመለከተ አይሞላም። ጉዳቱ የመጣው ከቤት ከሆነ ወረቀቱ ወደ ቤት አይሄድም፤ ስልክም ላይ አይላክ። ባል ከሚስቱ ቦርሳ ያገኘው መጠይቅ ምን እንዳስከተለ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ በቂ ነው።

በስልካችሁ ብቻችሁን ለሞላችሁ ደግሞ፦ ቁጥሩን የጻፈው ሰው እናንተ ናችሁ፣ ገና የመረመራችሁ የለም። ከፍ ብሎ ከወጣ ወረቀቱን ይዞ ባለሙያ ጋ መሄድ ጥሩ መግቢያ ይሆናል፤ ለመናገር የሚከብደውን ጽፋችሁታልና።

ለመዳን ሲያገለግል

መጠይቅ የሚከብረው ሲደጋገም ነው። አንድ ጊዜ የተሞላ ፒሲኤል-5 ብዙ አይነግረኝም፤ በአራት ወር ውስጥ አራት ጊዜ የተሞላ ግን ይነግረኛል። ደንቡ ቀላል ነው፦ መሣሪያውን መሀል ላይ አለመቀየር፣ ያው የጊዜ ገደብ፣ ከተቻለም ያው ሰዓት። ስለ አንድ ወር የሚጠይቀውን በየሳምንቱ መስጠት ትርጉም የለውም፤ ለዚያ የሳምንት ቅጽ አለው። ሁለት ሦስት ነጥብ ቢወርድ አልደሰትም፣ ቢወጣም አልደነግጥም፤ ዐሥር ያህል ሲንቀሳቀስ ነው ብድግ የምለው። ቁጥሩን ደግሞ ለባለቤቱ አሳያለሁ። የሒሳብ ደብተር ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ስናገናኘው «ይኼ የእኔ ነው?» ይላሉ። እንቅልፉ ወርዶ ራስን መውቀሱ ባለበት ከቆመ ቀጣዩ ሥራችን የት እንደሆነ አብረን እናየዋለን።

ደቻቱን የማትሻገረው ሴት ድምሯ በመጀመሪያው ቀን 34 ነበር። በምክሩ መካከል ወደ አሸዋው መውረድ ጀመርን፤ መጀመሪያ ከድልድዩ ላይ ሆነን ቁልቁል ማየት፣ ከዚያ ዳር ላይ መቆም፣ ከዚያ ዐሥር እርምጃ። በሦስተኛው ወር ወረቀቱን ስትሞላ ድምሯ 41 ሆነ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ቆየች።

«ያኔ ዜሮ ነው ያልኩት?» አለች።

«አዎ።»

እስክሪብቶውን ጥርሷ ላይ አንኳኳች፤ 3 አከበበች። ያን ቀን ሰማዩ በደንገጎ በኩል ጠቁሮ ነበር። ተነሥታ በመስኮቱ አየችው፣ ከዚያ ተመልሳ ተቀምጣ ስምንተኛውን ማንበብ ጀመረች።